ጊዮርጊስ አጠገብ ክፍል ለመያዝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ እናቴ ለሚያዝያ 23 ለባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ስለታቸውን ሊያስገቡ ነው። እኔና ሁለት ልጆቼ አብረናቸው እንሄዳለን፤ ሦስት ሌሊት እናድራለን። ዋጋው መካከለኛ የሆነ፣ አዲስ አበባም ቅርንጫፍ ያለው ሆቴል ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ እንዳለ ተነግሮኛል። የአዲስ አበባውን አድሬበት ወድጄዋለሁ። ስሙን አምኜ ቀብድ ልክፈል? እናቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

መልስ፦ ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት አንድ ስልክ ይደውሉ። በአንድ ስም የሚሠሩ ሆቴሎች አንሶላቸው፣ ፎጣቸው፣ ቁርሳቸውና የእንግዳ አቀባበላቸው እንዲመሳሰል ይጥራሉ፤ በዚህ በኩል የአዲስ አበባው ልምድዎ ይጠቅምዎታል። ሕንፃው ግን በየከተማው የተለያየ ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ ባለሕንፃው ስሙን በውል ወስዶ የሚሠራበት አሠራር የተለመደ ነው። ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ ጄኔሬተሩ ምን ምን እንደሚሸከም፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚከፈት የሚወሰነው እዚያው ባሕር ዳር ነው። ሦስቱን ሌሊት የሚያድሩት ደግሞ በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ በስልክ መያዝ ያለብዎት ያንን ክፍል ነው።

መጀመሪያ «አጠገብ» የሚለውን ቃል ያጣሩ። እንግዳ ተቀባዩን «ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ሆቴሉ በር በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» ብለው ይጠይቁ። «በባጃጅ ሁለት ደቂቃ» የሚል መልስ ለንግሥ ቀን አይሠራም፤ ምእመኑ መንገዱን ሲሞላው ባጃጅ እስከ በሩ ላይደርስ ይችላልና። ለጤነኛ ሰው የአምስት ደቂቃ መንገድ 400 ሜትር ያህል ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይህንኑ በአሥር ደቂቃ ቀስ ብለው ይዘልቁታል፤ ከዚያ ባይርቅ እንመርጣለን።

በጣም መጠጋቱም ጣጣ አለው። ጊዮርጊስ ያለው ከተማው መሐል፣ ለሐይቁ ቅርብ ሆኖ ነው። ቀን ባጃጁ፣ ካፌውና ወደ ጀልባው የሚወርደው እንግዳ መንገዱን ይሞሉታል። በዋዜማው ሌሊት ደግሞ ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። እናትዎ የመጡት ለዚህ ነው፣ ደስ ይላቸዋል፤ ልጆቹ ግን እንቅልፍ ያጣሉ። ሁለት ክፍል የሚይዙ ከሆነ የእርስዎንና የልጆቹን በሕንፃው ጀርባ፣ ከአደባባዩ በተቃራኒ በኩል ይጠይቁ። ተራ ባለ አንድ መስታወት መስኮት ብዙ ድምፅ አያግድም። ድምፁን በደንብ የሚያግደው በመሐል የሚቆም ግድግዳና ኮሪደር ነው።

ጀርባው ግን ጄኔሬተሩ የተቀመጠበት ቦታም ሊሆን ይችላል። መብራት ከሄደ ሌሊቱን ሙሉ ከመስኮትዎ ሥር ሲያጓራ ያድራል። ስለዚህ «ጄኔሬተሩ የት ነው? ሊፍቱንስ ይሸከማል?» ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጠይቁ። ሊፍቱን የማይሸከም ከሆነ የእናትዎ ክፍል ከአንደኛ ፎቅ በላይ አይሁን። ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው መብራት ቢሄድ ጉልበታቸው ያን ሁሉ ደረጃ አይችለውም። የአዳራሹንም ነገር አይርሱ፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይበዛል፣ በእነዚያ ሌሊቶች አዳራሹ ተይዞ እንደሆነ ሆቴሉ ያውቃል፣ ከጠየቁት ይነግርዎታል።

ሙቀቱን ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ሰው የበለጠ የሚዘነጋው የለም። እናንተ ከ2400 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሚያዝያም ከሞቃታማዎቹ ወሮች አንዱ ነው፣ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ይጠጋል። ከሁሉ የሚከብደው በምዕራብ በኩል ያለ ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የመታው የብሎኬት ግድግዳ የጠጣውን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ወደ ውስጥ ይተፋዋል። የመጨረሻው ፎቅም ጣሪያው ያግለዋል። ሐይቁ ከከተማው በስተ ሰሜን ስለሆነ ወደ ሰሜን የሚከፈት ክፍል ሐይቁንም ነፋሱንም ያገኛል፤ እሱ ከተያዘ ምሥራቁን ይጠይቁ። ቬንቲሌተር ወይም ኤሲ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ዕቃው ክፍሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ መሥራቱን ይጠይቁ።

ወባ ደጋ ላይ ስለማያስቸግር አጎበር መጠየቅ ላይታወስዎት ይችላል። በባሕር ዳር ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቢሆንም ሚያዝያና ግንቦትም ከስጋት ነፃ አይደሉም፤ ትንኙማ ሐይቁ ዳር መቼም አይጠፋም። ክፍሉ እንደገቡ አጎበሩን ዘርግተው ወደ ብርሃን ይያዙት፤ ጣት የምታህል ቀዳዳ ካለችው በደህና አጎበር ይቀየርልዎ። ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ሲጎተት በአራቱም በኩል መድረስ አለበት፤ ለአንድ ሰው አልጋ የተሠራ አጎበር ለሁለት ሰው አልጋ ተሰቅሎ በእግር በኩል ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀብድ ሲልኩ የፎቁን ቁጥር፣ ክፍሉ ወዴት እንደሚከፈት፣ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ቀን በስልክ መልእክት ያስጽፉ። በቃል ብቻ የተባለ ክፍል በንግሥ ዋዜማ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይያዙ። ከደብረ ማርቆስ ማልዳችሁ ተነሡ፤ በቡሬና በእንጅባራ በኩል ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ክፍሉንም በቀን ብርሃን ማየት አለባችሁ።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ፦ ባሕር ዳር ለሕክምና ስመላለስ መካከለኛ ሆቴል እይዛለሁ። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሰው ታጥቦ ሲወጣ ሁለተኛው በቀዝቃዛ ውኃ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ውኃው ክር ታህላለች። የሆቴሉ ስንፍና ነው?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ሙቅ ውኃው የሚያልቀው ቦይለሩ ትንሽ ስለሆነ ነው። ባኞ ቤቱ ውስጥ የተሰቀለውን ነጭ በርሜል ይመልከቱ፤ ጎኑ ላይ ወይም ሥሩ ካለው ልጥፍ ላይ ሊትሩና ዋቱ ተጽፏል። 30 ሊትር ቦይለር በ60 ዲግሪ ቢሞላ፣ 20 ዲግሪ ከሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚስማማ 40 ዲግሪ ውኃ 60 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ሻወሩ በደቂቃ 9 ሊትር ቢያፈስስ ከሰባት ደቂቃ አያልፍም፤ ያ የአንድ ሰው ነው። 50 ሊትሩ 100 ሊትር ያህል፣ ማለትም 11 ደቂቃ ይሰጣል፤ ቆጥበው ከተጠቀሙ ለሁለት ሰው ይበቃል። ሙቁ ውኃ ሲያልቅ እንደገና ለማሞቅ 1500 ዋት ያለው ባለ 50 ሊትር ቦይለር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፣ ባለ 30ው አንድ ሰዓት ገደማ። ስለዚህ ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንዱ ማታ፣ ሌላው ጠዋት ይታጠብ። የቦይለሩ ማብሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከባኞ ቤቱ በር ውጭ ነው፤ የጽዳት ሠራተኞች ክፍሉን ሲጨርሱ ያጠፉታል። እንደገቡ ያብሩት፤ ቀይዋ መብራት ካልበራች ወዲያው ለእንግዳ ተቀባዩ ይንገሩ፣ ማታ ባለሙያ አይገኝም።

ውኃው የሚቀጥነው ከሮቶው ከፍታ የተነሳ ነው። ውኃ ግፊት የሚያገኘው ከላይ በመውረዱ ነው፤ በየአሥር ሜትሩ ቁልቁለት አንድ ባር ይጨምራል። ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ሦስት ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው የመጨረሻው ፎቅ 0.3 ባር ብቻ ይደርሰዋል፤ ሦስት ፎቅ ወረድ ብሎ ያለው ግን ከአንድ ባር በላይ ያገኛል። ሆቴሉ የግፊት ፓምፕ ካለው ላይኛውም ፎቅ ደህና ይወርድለታል፤ መብራት ሲሄድና ጄኔሬተሩ ፓምፑን ሳይሸከም ሲቀር ግን ያው ክር ይሆናል። መፍትሔው ዝቅ ያለ ፎቅ መጠየቅ ነው። አንዳንዴም ጥፋተኛው የሻወሩ ራስ ነው፤ ቀዳዳዎቹን ነጭ ዝቃጭ ደፍኗቸው ከሆነ በጣት ቢያሹት ይለቃል።

ባኞ ቤቱ ቢሸት ሳሙናና ሽቶ አይፈቱትም። ወለሉ ላይ ካለው መውረጃ ሥር ሽታውን የሚያግድ ውኃ የሚቋጥር የታጠፈ ቧንቧ አለ፤ ክፍሉ ለሳምንታት ሰው ካልገባበት ያ ውኃ ይደርቅና የፍሳሹ ሽታ ሽቅብ ይወጣል። ሁለት ሊትር ያህል ውኃ ቀስ አድርገው ያፍስሱበት። ሽታው በሩብ ሰዓት ካልለቀቀ ቧንቧው ችግር አለበት፤ ክፍል ይቀይሩ።

ጥያቄ፣ ከእንጅባራ፦ ኮከብ ያለው ሆቴል ከሌለው ይሻላል?

መልስ፦ የኮከብ ምደባው በ2007 ዓ.ም. በባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በተገኘ እገዛ ተጀምሯል። የሚለካው ክፍሉን፣ ዕቃውን፣ አገልግሎቱንና ደኅንነቱን ነው፤ ስለዚህ አይናቁት። መንገዱ ዳር ስለሚያድረው የባጃጅ ጩኸት ግን አይነግርዎትም። ምደባው መቼ እንደተሰጠ ይጠይቁ፤ ከዚያ ወዲህ ዓመታት ካለፉ ቧንቧውና ፍራሹ አርጅተው ይሆናል።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ለመሥሪያ ቤት ሥልጠና ሄጄ አንድ ሌሊት 2000 ብር ተባልኩ። ስወጣ ግን 2530 ብር ተጠየቅሁ። ተጭበርብሬያለሁ?

መልስ፦ ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ቀድሞ አለመነገሩ ነው። ብዙ ሆቴሎች ዋጋውን ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከአገልግሎት ክፍያ በፊት ይጠራሉ። 2000 ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ 200 ብር ሲጨመር 2200 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ታክስ 330 ብር ነው፤ በድምሩ 2530። ስለዚህ ሲደውሉ «ዋጋው ስንት ነው?» ብቻ አይበሉ። «ታክስና ሰርቪስ ቻርጅን ጨምሮ፣ ከነቁርሱ፣ የአንድ ሌሊት ስንት እከፍላለሁ?» ይበሉ።

አበል ለሚያወራርድ ሰው ደረሰኙም እንደ ክፍሉ ያስፈልገዋል። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የወጣ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የሆቴሉ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀኑና ታክሱ ለብቻው የታዩ መሆናቸውን ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡ። በእጅ የተጻፈች የተቀበልኩ ወረቀት ለሒሳብ ክፍሉ አትበቃም። የማሽን ወረቀት በሙቀት ይደበዝዛል፤ የዚያኑ ዕለት ፎቶ ያንሱት ወይም ኮፒ ያድርጉት። ከሥልጠናው ጋር በጅምላ የተያዘ ክፍል ከሆነም ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይሁን በአዘጋጁ ስም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከወጡ በኋላ ስም ማስቀየር አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ በኢንተርኔት ልይዝ ፈልጌ ቀኑና ሰዓቱ አደናገረኝ።

መልስ፦ እነዚህ ገጾች በፈረንጅ አቆጣጠር ይሠራሉ። ሚያዝያ 23 ሜይ 1 ነው፣ አይለዋወጥም። ጥር 11 ግን አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሲሆን ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ጃንዋሪ 20 ይሆናል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፣ በ2020ም ይሆናል። በአንድ ቀን ስሕተት የከተራን ሌሊት ያለ ክፍል የሚቀሩት በዚህ ነው። መግቢያው 14፡00 የሚል ከሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መውጫው 12፡00 የሚል ከሆነ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው።

ቦታውንም ይመርምሩ። «ጊዮርጊስ አካባቢ» ብለው ሲፈልጉ የአዲስ አበባው አራዳ ጊዮርጊስ ሊመጣብዎት ይችላል፤ የከተማውን ስም ሳያዩ አይክፈሉ። ካርታው ላይ ያለችው ምልክትም ቦታዋን ስታ ልትገኝ ስለምትችል ለሆቴሉ ደውለው «ከጊዮርጊስ አደባባይ ወደ ሐይቁ ነው ወይስ ወደ ገበያው?» ብለው ያረጋግጡ። ፎቶዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የትልቁ ክፍል ናቸው፤ የያዙትን ክፍል ዓይነት ስም ከፎቶው ሥር ካለው ስም ጋር ያመሳክሩት፣ ካልገጠመ የራሱን ክፍል ፎቶ በቴሌግራም ያስልኩ።