ኮምፕሬሰር ከመግዛትህ በፊት የአሮጌውን ዘይት እየው

ወንድሜ፣ የድሮ ላንድክሩዘርህ ኤሲ (ማቀዝቀዣ) ጋዝ ከድሮው ዓይነት፣ ከአር 12፣ ወደ አዲሱ አር 134ኤ ተቀይሮ በሁለት ወሩ ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ኮምፕሬሰር አልዞር ብሎ ቆመ፤ ሌላ ልግዛ ወይ ብለሃል። እባክህ ገና ብር አታውጣ። እኔ በዚሁ ምክንያት ሁለት ኮምፕሬሰር ከስሬያለሁ።

የመጀመሪያው ከጎንደር ወደ መተማ ስወርድ ነው የሄደው። አይከልን አልፌ ሙቀቱ ሲበረታ ኤሲውን ከፈትኩ። ገንዳ ውኃ ከተማ ልገባ ስል ከኮፈኑ ሥር ብረት ከብረት ሲፋቅ ሰማሁ፤ ወዲያው ቺንጋው ጨሰ።

ጥፋቱ የጋዙ አይደለም፣ የዘይቱ ነው። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር እየዞረ ነው የሚመለስለት። የአር 12 ማዕድን ዘይት ደግሞ ከአር 134ኤ ጋር አይዋሃድም። ኮንዴንሰሩ ውስጥ፣ ማለትም ጋዙ በሚቀዘቅዝበት ራዲያተር መሰል ዕቃ ውስጥ፣ ተኝቶ ይቀራል፣ ኮምፕሬሰሩም ደርቆ ይሠራል። ፓግ ወይም ኤስተር የሚባለው ዘይት ነው የሚያስፈልገው። ከድሮው ዘይት ትንሽ ቀርቶ ቢሆን ኤስተሩ ይሻላል።

ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያናድደኛል። ጋራዡ ኮምፕሬሰሩን ብቻ ቀይሮ ሰጠኝ፤ አንድ ወር አልሞላም። ቱቦውን አስፈትቼ ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰስኩት። አመድ የመሰለ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ፀሐይ ላይ ሳዞረው ብናኝ ብረት ያብለጨልጫል። የመጀመሪያው ፍርፋሪ ነው አዲሱን የበላው።

ስለዚህ መስመሩ በሙሉ ይታጠብ። ኮንዴንሰርህ ቀጫጭን ቀዳዳ ያለው አዲሱ ዓይነት ከሆነ ፍርፋሪው አይወጣለትም፣ ይቀየር። ድራየሩ (እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያ) እና የጎማ ቀለበቶቹም የግድ ይቀየሩ። ጋዙ በሚዛን ይሞላ፤ ከድሮው የአር 12 መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ግፊቱ ኮምፕሬሰሩን ያስጨንቀዋል።

ጋዙ ከመሞላቱ በፊት ቫኪዩም ሲደረግ፣ ማለትም በመስመሩ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ሲመጠጥ፣ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በል። መጽሐፉ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ይጠጋል ይላል፤ ያ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ 23 ገደማ ላይ ይቆማል። ፓምፑ ደከመ ብለው እንዳያቋርጡት። ቢያንስ 45 ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ ቫልቩን ዘግታችሁ መርፌው ወደ ዜሮ መመለስ አለመመለሱን ተጠባበቁ። ከተመለሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው።

እዚህ ብርድ ነው ብለህም ኤሲውን ወራት አታስተኛው። በሳምንት 10 ደቂቃ ክፈተው፣ የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ ጎማ እንዳይደርቅ።

የተበላሸውን ኮምፕሬሰር ካልጣልከው ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሰህ ፎቶውን ላክልኝ። ቀለሙን አይቼ የትኛው ዕቃ እንደሚተርፍልህ እነግርሃለሁ።