ሦስት ባንክ፣ አንድ ስጋት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ባንክ ብድር ክፍል ነው የምሠራው፤ ማታ ማታ ኤምቢኤ እማራለሁ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር «ኢንቨስትመንትና ፖርትፎሊዮ ማኔጅመንት» የሚለውን ኮርስ ልመርጥ ነው ስላቸው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ሒሳቡ ከባድ ነው፣ መጽሐፉ ስለ አሜሪካ ነው፣ እዚህ አገር ምን ገበያ አለና ይላሉ። እኔ ደግሞ የሦስት ባንክ አክሲዮን አለኝ፣ በየዓመቱ ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) ይገባልኛል፣ ሳልማረውም እየሠራሁበት ያለሁ ይመስለኛል። ልውሰደው ወይስ ልተወው?
የባንክ ሠራተኛዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውሰጂው እንጂ! ጓደኞችሽ አንድ ነገር አልተሳሳቱም፤ መጽሐፉ በአብዛኛው ስለ አሜሪካ ነው። «ምን ገበያ አለ» የሚለው ግን ጊዜ ያለፈበት ወሬ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የወጣው በ2013 ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ተከፈተ፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ባንክ ነው፣ ወጋገን። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር ሲያቀርብ ትዝ ይልሻል። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፣ 9,900 ብር። ያኔ ገዛን ያሉትም አንገዛም ያሉትም ስንቶቹ ቁጭ ብለው 300 ብር ውድ ይሁን ርካሽ አስልተዋል? እንዴት እንደሚሰላ ነው ኮርሱ የሚያስተምረው።

አሁን ወደ ሦስቱ ባንኮችሽ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ሦስቱም የሚያበድሩት ለተመሳሳይ አስመጪ፣ ለተመሳሳይ ሕንፃ ሠሪ ነው። ዶላር ሲጠፋ ሦስቱም ይጠፋባቸዋል። ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ሲያወጣ ለሦስቱም ነው። ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንኮች አዲስ ካበደሩት ብድር 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ በዝቅተኛ ወለድ፣ መጀመሪያ ላይ በ3 በመቶ፣ የመንግሥት ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ብድር ክፍል ያሉ የቆዩ ሠራተኞችን ጠይቂያቸው፣ በደንብ ያስታውሱታል። ያ መመሪያ ሲመጣ ሁለተኛው ባንክሽ ለአንደኛው ማካካሻ ሊሆንሽ አይችልም ነበር፣ ሁሉም እኩል ተያዙ።

ኮርሱ ይህንን በቁጥር ያሳይሻል። ሁለት አክሲዮን አለሽ እንበል፣ ግማሽ ግማሽ። የሁለቱም ዓመታዊ መዋዠቅ፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ 20 በመቶ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው የሚወጡ፣ አብረው የሚወርዱ ከሆነ የፖርትፎሊዮሽ፣ ማለትም የያዝሻቸው አክሲዮኖች ጥቅል፣ መዋዠቅ ያው 20 በመቶ ነው፤ ሁለት በመግዛትሽ ያተረፍሽው ነገር የለም። ኮሪሌሽናቸው፣ ማለትም አብረው የመንቀሳቀሳቸው ልክ፣ ከ1 ወርዶ 0.5 ከሆነ ወደ 17.3 ይወርዳል። ዜሮ ከሆነ 14.1። አክሲዮኖቹ ያው ናቸው፣ የሚያመጡት አማካይ ገቢም ያው ነው፣ የተለወጠው እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ብቻ ነው። ሃሪ ማርኮዊትዝ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1952፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ጻፈው፤ በ1990 የኖቤል ሽልማት አሰጠው። የኮርሱ ግማሽ ማለት ይቻላል የዚህ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

ዲቪደንዱስ? 20 በመቶ አገኘሽ እንበል። የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ ከሆነ ግን (በእኛ አቆጣጠር በ2014 ከዚያም በላይ ነበር) 1.20ን ለ1.30 አካፍዪው፤ ገንዘብሽ የመግዛት አቅሙ ወደ 8 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። በርግጥ የአክሲዮኑ ዋጋ ራሱ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ግን ገበያ ላይ ያልተመዘገበ አክሲዮን ዋጋው በየቀኑ ስለማይታይ ስጋት የሌለው ይመስላል፣ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ትኩሳት የለብኝም እንደሚለው።

ሒሳቡን አትፍሪው። አማካይ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ኮሪሌሽን፣ ትንሽ ሪግሬሽን፤ አብዛኛውን ኤክሴል ይሠራልሻል። ተማሪ የሚያለቅሰው የቦንድ ዱሬሽን (ወለድ ሲለወጥ የቦንዱ ዋጋ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካ ቁጥር) ጋ ሲደርስ ነው። አንቺ ግን በየቀኑ ወለድ ስለምታሰዪ ትቀድሚያቸዋለሽ። ዱሬሽኑ 6 የሆነ ቦንድ ወለድ በ1 ነጥብ ሲጨምር ዋጋው 6 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ስጋት አቃልሎ ረጅም ጊዜ የሚቆዩ ቦንዶች ያከማቸው የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2023 ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ሲሰለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ወደቀ።

አንድ ነገር ግን ከመምህሩ ጋር ተከራከሪ፦ የተርም ፕሮጀክቱን በአገር ውስጥ መረጃ ልሥራው በይ። መጽሐፉ «ስጋት አልባ ወለድ» እያለ የአሜሪካን የግምጃ ቤት ሰነድ ያስቀምጣል፤ እኛ ጋ ለዓመታት ከዋጋ ንረት በታች ሲከፍል የኖረ ሰነድ ስጋት አልባ ሊባል ይችላል ወይ ብለሽ ከጠየቅሽ ጥሩ ወረቀት ይወጣዋል። ኮርሱ ራሱ ጥሩ ይሁን አይሁን በመምህሩ ይወሰናል፣ ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ያለፈውን ዓመት ኮርስ አውትላይን ለምነሽ እዪው። ገጹ ሁሉ ትርጉምና ዝርዝር ብቻ ከሆነ፣ አንድም የኤክሴል ሥራ ከሌለው፣ ሌላ ሴክሽን ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ቨርጂኒያ ነኝ፣ እዚሁ ኤምቢኤ እየተማርኩ። ክላስ ውስጥ በምናባዊ ገንዘብ ፖርትፎሊዮ የማስተዳደር ውድድር ነበረን። የኛ ቡድን እንደተማርነው በየዘርፉ አከፋፈለ፤ አንዱ ልጅ ግን ሁሉንም ሁለት የቴክኖሎጂ አክሲዮን ላይ ጥሎ አንደኛ ወጣ። ታዲያ ምን ልማር ነው የምለፋው?
የተናደደው

መልስ፦ ወንድሜ፣ መናደድህ ይገባኛል። ግን ሁሉንም አንድ ቦታ የጣለ ሰው ወይ አንደኛ ይወጣል ወይ መጨረሻ፣ ሴሚስተር ደግሞ አጭር ነው። ይኸው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2022 ተጫውቶ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ይዞ ቢሆን ኖሮ በዓመቱ ከ60 በመቶ በላይ ያጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ናስዳክ፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የአሜሪካ አክሲዮን ጠቋሚ፣ ጣሪያ ላይ ሳለ የገባ ሰው ደግሞ ጠቋሚው ወደዚያ ቁጥር እስኪመለስ እስከ 2015 ጠብቋል። ውጤቱን በትርፍ ብቻ አትለካ፤ ከስጋት አልባው ወለድ በላይ የተገኘውን ለመዋዠቁ አካፍለው፣ ሻርፕ ሬሾ የሚሉት ማለት ነው። ቡድናችሁን በዚያ አስላው። ምናልባት እናንተ ትበልጡ ይሆናል፣ ምናልባትም አትበልጡም፤ በጥቂት ወራት መረጃ ሻርፕ ሬሾም ቢሆን ብዙ አይናገርም። ስለ 401ኬህ (በአሠሪህ በኩል ስላለህ የጡረታ ቁጠባ) አልጠየቅከኝም፣ ግን ካለህ ዛሬ ማታ ክፈተውና ስንቱ የአሠሪህ አክሲዮን እንደሆነ እይ። ደሞዝህም ጡረታህም ከአንድ ኩባንያ መምጣት የለበትም። የከሰረው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ የኤንሮን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራቸውንም የጡረታ ቁጠባቸውንም አንድ ላይ ያጡት እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ኤምቢኤውን ልጨርስ ነው። ሲኤፍኤ (የኢንቨስትመንት ተንታኞች ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫ) ልጨምርበት?
ከሐዋሳ

መልስ፦ እንደምትፈልገው ሥራ ነው። ባንክ ውስጥ ሥራ አስኪያጅ መሆን ከሆነ ሐሳብህ፣ ኤምቢኤው ይበቃል። ትንተና፣ የሰው ገንዘብ ማስተዳደር፣ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ካላቸው ድርጅቶች መቀጠር ከሆነ ግን ሲኤፍኤ ይረዳል። ሦስት ደረጃ አለው፣ ሥነ ምግባር በሦስቱም ይፈተናል፣ ክፍያው በዶላር ነው። የኢንቨስትመንት ኮርሱን በቅርቡ ከወሰድክ የመጀመሪያው ደረጃ ብዙ አዲስ አይሆንብህም፣ ስለዚህ ሳይረሳህ ተፈተን።