ያለ ስልክ ለማይበላ የ4 ዓመት ልጅና ስልክ ለማትለቅ የ11 ዓመት ልጅ

ሰላም እህቴ። በዚህ የቴሌግራም ግሩፕ የጻፍሽውን ጥያቄ ላላዩት ባጭሩ፦ አንቺም ባለቤትሽም ሥራ ትውላላችሁ። ትንሹ 4 ዓመቱ ነው፣ ከሞግዚት ጋር ይውላል፣ ቤት በሚቀረው አሮጌ ስልክ ዩቲዩብ ካልተከፈተለት አፉን አይከፍትም። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው፣ ማታ ያንቺን ስልክ ይዛ እስክትተኛ አትለቅም። ሁለት ጊዜ ስልኮቹን ደብቀሽ በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ሲበዛ መልሰሻል።

የከሸፈው ስላልጨከንሽ አይደለም። ስልኩ ቤታችሁ ውስጥ ሥራ ይዟል። ትንሹን ያበላል፣ ሞግዚቷ ወጥ ስትሠራ ልጁን ይጠብቃል፣ ትልቋን ያስተኛል። ሦስቱንም ሥራ በአንድ ጠዋት ስታስቆሚ የሚተካው ሰው አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ለ3 ቀን ምንም ሳትቀይሪ ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፊና ስልክ ወይም ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱንና ምክንያቱን ጻፉ። ደቂቃ መቁጠር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው «ለምን ተከፈተ» የሚለው ነው። አብዛኛው ቤት ከአራት ወይም ከአምስት ምክንያት አይበልጥም። ከዚያ አንዱን ምክንያት በአንድ ሳምንት እያነሳሽ ትሄጃለሽ።

ከምግቡ ጀምሪ። ስክሪን እያየ የሚበላ ልጅ አፉን ይከፍታል እንጂ ሐሳቡ ምግቡ ላይ የለም። መጥገቡን አያውቀውም፣ በደንብ አያላምጥም፣ ብዙዎቹም ጉርሻውን ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ዝም ይላሉ። ለመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማዕድ ብቻ ምረጪ፤ በደንብ የሚርበውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ምሳን። ከምሳ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ብስኩት፣ ጁስና ወተት አይሰጠው፣ ውኃ ይበቃል። ይቺ ካልተጠበቀች የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው፤ አንድ ኩባያ ወተት የጠጣ ልጅ በምሳ ሰዓት አይርበውም። ሳህኑ ላይ ከለመደው ግማሹን ብቻ አቅርቡለት፣ ጨርሶ «ጨምሩልኝ» እንዲል። በገዛ እጁ ይብላ፣ ልብሱም ይጨማለቅ። ሞግዚቷም ምሳዋን አብራው ትብላ፣ ልጅ የሚበላ ሰው ሲያይ ይበላል። 20፣ ቢበዛ 25 ደቂቃ ጠብቁና በላም አልበላም ሳህኑ ያለ ቁጣና ያለ ልመና ይነሣ። መክሰስ 9 ሰዓት ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ምንም የለም።

ነገሩ የሚበላሸው ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አያት ወይም ጎረቤት አንጀቷ አልችል ይልና ብስኩት ታቀብለዋለች። ያኔ ልጁ የተማረው ምሳን መዝለል እንደሚያዋጣ ነው። ሌላው ወጥመድ «ከበላህ ስልክ እሰጥሃለሁ» ማለት ነው። ይህ ምግቡን ቅጣት፣ ስልኩን ሽልማት ያደርገዋል፣ የስልኩም ዋጋ ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወትሮው ያነሰ መብላቱ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ትን የሚለው፣ የሚያስመልሰው፣ ከጥቂት ምግብ በቀር ምንም የማይቀበል ወይም ክብደቱ የቀነሰ ከሆነ ይህን ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጂው።

ለቅሶውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ 20 ደቂቃ አልቅሶ ያገኘ ልጅ በማግስቱ 20 ደቂቃ ለማልቀስ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ክልከላ ሲጀመር ለቅሶው ከመቀነሱ በፊት ይብሳል፣ ያንቺ ሦስተኛ ቀን እሱ ነበር። መስጠትሽ ካልቀረ ገና ሳያለቅስ ስጪው፣ ካልሰጠሽ ግን እስከ መጨረሻው አትስጪ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን ፊት መቀመጥ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ እንደሚሻል ይላል። ከ2 ዓመት በታች ባይኖር ይመረጣል። (ዓረብ አገር ካለች አክስት ጋር በቪዲዮ ማውራት እንደ ካርቱን አይቆጠርም፣ በእሱ አትጨነቂ።) ያቺን 1 ሰዓት ለጉቦ አታውያት፤ አዋቂው በጣም በሚቸገርበት ሰዓት አድርጊያት። ለምሳሌ ሞግዚቷ ሽንኩርት አቁላልታ ራት በምትሠራበት፣ ከ10 እስከ 11። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ከሆነ ልጁ ጠዋት መነዝነዙን ይተዋል።

አዘገጃጀቱ ላይ ጠንቀቅ በይ። ዩቲዩብ ማለቂያ የለውም፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። «በቃ» የሚል ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ጠላት ነው። መፍትሔው ቪዲዮው በራሱ እንዲያልቅ ማድረግ ነው። ማታ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ የሚሆኑ ሁለት ቪዲዮዎች አሮጌው ስልክ ላይ አስቀምጪ፣ ሲሙን አውጪ፣ ዋይፋዩን አጥፊ፣ ቪኤልሲ በመሰለ ማጫወቻ ክፈቺ፣ መደጋገሚያውንም አጥፊ። ከዚያ ስልኩን እዚያው ላይ ቆልፊው። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሴኩሪቲ ሥር «አፕ ፒኒንግ» የሚል አለ። ስታበሪው ለመውጣት ፒን እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ምርጫ አብረሽ አብሪ፤ ያ ከተረሳ የ4 ዓመት ልጅ በሁለት ቀን መውጫውን ያገኘዋል። አይፎን ላይ ይኸው ነገር አክሰሲቢሊቲ ውስጥ «ጋይድድ አክሰስ» ይባላል፣ የጎን ቁልፉን ሦስት ጊዜ ሲጫኑ ይጀምራል፣ የጊዜ ገደብም ይቀበላል። ሁለተኛው ቪዲዮ ሲያልቅ ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ልጁ የሚጣላው ሰው የለም። ሞግዚቷም «አለቀ» ትላለች፣ እውነትም አልቋል።

ለትልቋ ነገሩ ሌላ ነው። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ፣ ዲጂታል ዌልቢይንግ የሚባለው የአጠቃቀም መከታተያ የሚሰጠው የአፕ ገደብ የይለፍ ቃል የለውም። ለራስሽ ማስታወሻ ይሆናል እንጂ ለ11 ዓመት ልጅ መቆለፊያ አይሆንም። የሚሻለው ለእሷ የሚሆን ርካሽ ወይም ያገለገለ ስልክ ላይ በልጅ አካውንት ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ ማስገባት ነው። በቀን ስንት ሰዓት እንደምትጠቀም፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚዘጋ፣ የትኛው አፕ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ካንቺ ስልክ ሆነሽ ትወስኛለሽ። ቲክቶክ ራሱ 13 ዓመት ላልሞላው ስለማይፈቅድ እሱ ላይ ድርድር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓት አቆጣጠር ነው። «ከምሽቱ 2 ሰዓት ይዘጋ» ብለሽ 2:00 ፒኤም ብታስገቢ ስልኩ የሚዘጋው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። 2:00 ኤኤም ብታስገቢ ደግሞ ከሌሊቱ 8። መግባት ያለበት 8:00 ፒኤም ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት እንዲከፈት ደግሞ 7:00 ኤኤም። የስልኩም ሰዓት በእጅ ወደ አበሻ ሰዓት የተቀየረ ከሆነ ወደ አውቶማቲክ መልሺው፣ ያለበለዚያ ገደቡ ሁሉ ይዛባል።

ፒንሽንም ቀይሪ። በመስመር የሚከፈት ስልክ የጣትሽን ዱካ መስታወቱ ላይ ይተዋል፣ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ማንበብ ነው። የጣት አሻራ ደግሞ እናት እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ለሁሉም ይሠራል። 6 አኃዝ ይሁን፣ የማንም ልደት አይሁን።

ማታውን እንዲህ አስቢው። ትምህርት ቤት ለመድረስ 12:30 የምትነሣ ከሆነ፣ 3 ሰዓት ላይ ብትተኛ 9 ሰዓት ተኩል ታገኛለች፤ በእሷ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስልኩ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋ። ቻርጀሮቹን ሁሉ፣ የአባትየውንም ጨምሮ፣ ሳሎን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰብስቢና መኝታ ቤት ምንም አይሰካ። «ስልኬ ነው የሚቀሰቅሰኝ» የሚለው ምክንያት የሚያልቀው በባትሪ የሚሠራ የጠረጴዛ ሰዓት ስትገዢ ነው። መብራት የጠፋ ማታ ፓወር ባንክ ይዞ መኝታ ቤት መግባትም አይፈቀድ።

የቤት ሥራ በቴሌግራም ስለሚላክ «ለትምህርት ነው» ትልሻለች፣ ግማሹ እውነት ነው። ስልኩን 10 ደቂቃ ስጫት፣ ጥያቄዎቹን ደብተሯ ላይ ትገልብጥ፣ ስልኩ ይመለስ፣ ሥራው በወረቀት ይሠራ። ሲያልቅ አንቺ ፎቶ አንሥተሽ ትልኪያለሽ።

ቤት ዋይፋይ ካለ ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ ሰዓት መመደብ ይቻላል። ግን አዳዲስ ስልኮች ዋይፋይ ላይ የተቀየረ የማክ አድራሻ (ራውተሩ ስልኩን የሚለይበት ቁጥር) ስለሚጠቀሙ ገደቡ «አልሠራም» ይመስላል። የልጅቷ ስልክ ላይ የቤቱን ዋይፋይ ስም ነክተሽ ፕራይቬሲ ውስጥ የስልኩን ትክክለኛ ማክ እንዲጠቀም አድርጊ።

ሞግዚቷን አትውቀሻት። አንድ ሰው ብቻውን ምግብ እየሠራ፣ ልብስ እያጠበ፣ የ4 ዓመት ወንድ ልጅ እያሯሯጠ ያለ ምንም መሣሪያ አይውልም። ስልኩን ስትቀንሺ ምትክ ስጫት፦ ባልዲ ውኃና ሁለት ኩባያ (አጠገቡ ሰው ካለ ብቻ)፣ ትንሽ የተቦካ ዱቄት፣ ምስር የሚለቅምበት ሰፌድ፣ ግቢው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ የተሰመረ ሰኞ ማክሰኞ። መጫወቻውን ሁሉ በአንዴ አታውጪ፤ ግማሹን ደብቀሽ በየሳምንቱ ለውጪ። ቴሌቪዥኑም ማንም ሳያየው ከተከፈተ ይዘጋ፤ ከጀርባ የሚያወራ ቴሌቪዥን ልጁን ከጨዋታው ይነጥቀዋል፣ አዋቂውም ለልጁ የሚያወራውን ይቀንሳል።

ስለ እናንተስ? ልጆቹ ፊት ስልክ ስታነሡ ምን ልታደርጉ እንደሆነ ተናገሩ፦ «ለአያታችሁ ልደውል ነው»፣ «ገንዘብ ልልክ ነው»። የምትናገሩት ምክንያት ከሌላችሁ ስልኩን አታንሡት። የቴሌግራም ግሩፖችን ድምፅ አጥፉ (ይሄኛውንም)። ቅዳሜ ወይም እሑድ ቡና ሲቆላ የሁሉም ስልክ ማከፋፈያው ጋ ይሂድ፣ በረካ ሲጠጣ ይነሣ። ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ትንሹ ፈንዲሻ ያዙራል፣ ትልቋ ሲኒ ታቀርባለች፣ «ስልክ የለም» ብሎ ማወጅም አያስፈልግም።

በጥያቄሽ መጨረሻ ላይ ስለ ትንሹ «አማርኛ ብዙ አያወራም፣ የእንግሊዝኛ ቃላት ይደጋግማል» ያልሽው አሳስቦኛል። ስልኩ የመነጋገሪያ ጊዜውን ወስዶበት ይሆናል፣ ነገር ግን «ስልኩን አስቀርተን እንየው» እያላችሁ ወራት አትጠብቁ። በ2 ዓመት ሁለት ቃል አያይዞ ያልተናገረ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ ልጅ ስክሪን ኖረም አልኖረም መታየት አለበት፣ ከሁሉም በፊት ጆሮው። 4 ዓመቱ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ፣ የምግቡንም ሥራ ጎን ለጎን ቀጥሉ። የስልኮቻችሁን ዓይነት ብትጽፊልኝ የት ገብተሽ ምን እንደምትነኪ አንድ በአንድ እጽፍልሻለሁ።