ዋይፋይ ሲበራ የሚወድቀው ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። ዋይፋይ በከፈትሁ ቁጥር ኮምፒውተሬ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ባለሙያ ዊንዶውሱን በአዲስ ጫነልኝ፤ ለውጥ የለም። ራሙን ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። የተበላሸ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ዋይፋይ እስኪከፈት አይጠብቅም። እኔ የምጠረጥረው የኔትወርክ ድራይቨሩን፣ ማለትም ዊንዶውስ ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም ነው። ድራይቨር የሚሠራው በከርነሉ፣ ማለትም በስርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ ስለሆነ፣ ሲሳሳት እንደ ሌላ ፕሮግራም ብቻውን አይዘጋም፤ ቤቱን በሙሉ ይዞ ይወድቃል። ዊንዶውስ በአዲስ ሲጫንም ያው ድራይቨር ተመልሶ ሳይገባ አልቀረም።

ሰማያዊው ገጽ ላይ በ«ኤስዋይኤስ» (.sys) የሚያበቃ የፋይል ስም ከታየ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ገብተው የዋይፋይ ካርዱን ድራይቨር ከነፋይሉ ያራግፉ። ትክክለኛውን ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ በሌላ ማሽን አውርደው በፍላሽ ያምጡ። ያ ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እጭናለሁ የሚለው ፕሮግራም ግን ይቅርብዎ፤ አንዱን ሲያቃና ሌላውን ያጣምማል።

እስከዚያ ደንበኛ እንዳይመለስ የስልክዎን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙ። መንገዱ በሌላ ድራይቨር ስለሆነ፣ በዚያ ካልወደቀ ጥርጣሬዬ ይጠናከራል።