የኮድ መስመር ከመሰረዛችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለፈው የሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ የፕሮሰሰርን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኮድ ላይ ነው። ሲፒዩፍሪክ እንለዋለን። አንድሮይድ ስልካችሁ ቀላል ሥራ ሲሠራ ፍጥነቱን ቀንሶ ባትሪ የሚቆጥበው፣ ቪዲዮ ስትከፍቱ ደግሞ ነቃ የሚለው በእሱ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ አንድን ሃርድዌር የሚያዝበትን ኮድ፣ አጽዳ ተባልኩ። ፍጥነት የሚቀይረው ፈንክሽን ሁለት ቅርንጫፍ ነበረው። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጁን አስቀድሞ ከፍ ያደርግና ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም ፍጥነቱን፣ ያስከትላል። ሲቀንስ ተገላቢጦሹን ነው። ሁለቱም ጋ ያሉት ጥሪዎች ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ይለያል። ድግግሞሽ መሰለኝ። አንዱን አጥፍቼ ሁልጊዜ ፍሪኩዌንሲው እንዲቀድም አደረግኩ። የሙከራ ቦርዴ (ፕሮሰሰሩ ያለበት ሰሌዳ) ላይ ሞከርኩት፣ ሠራ። ኮዱ ሲያዩት ያምር ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዳንድ ቦርዶች ስታክ ያደርጉ ጀመር። ሎግ የለ፣ የስህተት መልእክት የለ፣ ዝም ብለው ቀጥ። ምክንያቱን እስካገኝ እንቅልፍ አልነበረኝም። ፍጥነቱ ከ600 ወደ 1,200 ሜጋኸርዝ ሲዘል ቮልቴጁ ገና በ600ው ልክ ነው። ቮልቴጁ እስኪደርስ ድረስ ፕሮሰሰሩ በማይበቃው ጉልበት ይሮጣል። ጠንካራው ቺፕ ይችለዋል፣ ደካማው ይወድቃል። የእኔ ቦርድ ከጠንካሮቹ ነበር።

ኮድ ማቅለል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ከምወዳቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ድሮ ብዙዎቹ የአርም ቺፖች (አብዛኛው ስልክ የሚሠራባቸው) የየራሳቸው ድራይቨር ነበራቸው፤ ያንን ቅደም ተከተል እያንዳንዱ ለብቻው ይጽፈዋል። በኋላ የቺፑን ፍጥነትና ቮልቴጅ ከሰንጠረዥ የሚያነብ አንድ የጋራ ድራይቨር መጣ። በ2016 በወጣው ሊኑክስ 4.6 ደግሞ ቅደም ተከተሉን የሚጠብቀው ኮድ ወደ አንድ የጋራ ፈንክሽን ገባ። ሁለቱ ቅርንጫፎች እዚያ አሉ። በየድራይቨሩ መጻፋቸው ግን ቀረ። ይህን የሠሩት ሰዎች ቅርንጫፎቹ ለምን እንዳሉ ያውቁ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት በ4.7 ስኬድዩቲል የተባለው ገቨርነር፣ ማለትም ፍጥነቱ ስንት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ኮድ፣ ገባ። ከእሱ በፊት የነበረው ገቨርነር ኦንዲማንድ በየጊዜው እየተነሳ የፕሮሰሰሩን የሥራ ጫና ራሱ ይለካ ነበር። ስኬድዩቲል ግን መረጃውን ቀድሞውኑ ከያዘው ከስኬጁለሩ፣ የትኛው ሥራ መቼ ፕሮሰሰር እንደሚያገኝ ከሚወስነው ክፍል፣ ይወስዳል። ስሌቱ አንድ መስመር ናት፦ ከፍተኛው ፍጥነት ሲባዛ በጫናው፣ ሲባዛ በ1.25። ይቺን 1.25 እንደዋዛ እንዳታዩዋት። ጫናው 80 በመቶ ሲደርስ ሙሉ ፍጥነት የሚጠየቀው በእሷ ነው። እሷን ብታወጧት ሥራ በድንገት ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ትርፍ አቅም አይኖረውም።

ስለዚህ ትርፍ የሚመስል መስመር ስታዩ የመስመሩን ታሪክ የሚያሳየውን ጊት ብሌም ክፈቱ። ማን፣ መቼ፣ ምን ሲያስቸግረው እንደጻፈው አንብቡ። ሰውየው ካለ ጠይቁት፣ አትፈሩ። መልሱን ስታገኙ ከኮዱ በላይ በአንድ መስመር አስፍሩት። እኔ ያጠፋሁትን ቅርንጫፍ ስመልስ «ሲጨምር ቮልቴጅ ይቀድማል» የሚል ኮመንት ጨመርኩበት።

መጀመሪያ ስታክ ያደረገው ቦርድ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አዲስ ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ስጽፍ ቀድሜ የምሞክረው እሱ ላይ ነው።