ማደሪያህን በነሐሴ ያዝ

ከካፋ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የስምንተኛ ክፍል ፈተናን አልፈሃል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከቤታችሁ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባትህ «ማንጆን ተምሮ ማን ይቀጥረዋል? ከሰልህን አክስል» ይላሉ። ማንጆ በካፋ የተገለለ ወገን ነው፤ ብዙዎች በአንድ ዕቃ አብረውት አይበሉም፣ አይጠጡም። አንተ ደግሞ ከተማ ገብቼ ስሜን ብቀይርስ ትላለህ።

ስምህን አትንካ። በስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬትህ፣ በፋይዳ መታወቂያህና በ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባህ ላይ ያለው ስም እስከ አያት ድረስ፣ ፊደሉ ሳይቀር፣ አንድ መሆን አለበት። ዛሬ የተደበቅክበት ስም ከአራት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ያመላልስሃል። ደግሞም ቀበሌህን የነገርከው ሰው ወገንህን ማወቁ አይቀርም።

አባትህ ተሳስተዋል፤ በአክብሮት ግን ሳልሸፋፍን እላለሁ። ከሰል ለልጅ የሚተው ርስት አይደለም። በአፈር ተሸፍኖ ከሚከሰል 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ነው። የካፋ ደን ደግሞ በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንጨት የሚቆረጥበት ቦታ እየጠበበ እንጂ እየሰፋ አይሄድም። ብቻ ክርክር አትግጠማቸው። «እስከ ጥር ልሞክር፤ ዓርብ ማታ እየመጣሁ ቅዳሜን እሠራለሁ» በላቸው። አራት ዓመት ሲባል የሚደነግጥ አባት አንድ ሴሚስተር ሲባል ይሰማል።

እኔን ያሳሰበኝ አንተ በአንድ መስመር ያለፍከው ነገር ነው፤ የት ታድራለህ? እንዳንተ ካለ ቦታ የሚመጣ ልጅ ከትምህርት የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በፈተና ወድቆ አይደለም፤ ኅዳር ላይ ከተከራየበት ቤት ወጥቶ ነው። የሚሆነው እንዲህ ነው። ልጁ መስከረም አጋማሽ ላይ ይደርሳል፣ ክፍሎቹ ተይዘው ይጠብቁታል፣ የተገኘችውን ለማግኘት ጎሳውን ይደብቃል። በሁለተኛው ወር የአገሩ ሰው ገበያ ላይ ያየዋል፣ ወሬው አከራይዋ ጆሮ ይገባል፣ ምንጣፉ ደጅ ይወጣል። ስለዚህ ክፍል የሚፈለገው በነሐሴ ነው፤ ያለፈው ዓመት ተከራዮች ወጥተው አዲሶቹ ሳይገቡ። ብቻህን አትሂድ። የሚታወቅ መምህር ወይም የቤተ ክርስቲያናችሁ አገልጋይ ይዘህ ሂድ፤ ማን መሆንህን እሱ አስቀድሞ ይንገራቸው። የማይፈልግ አከራይ በነሐሴ እምቢ ቢል ይሻላል፤ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ አለህ።

ሦስት ሆናችሁ ተከራዩ፤ ኪራዩ ለሦስት ይከፈላል። ለብቻው በር ያለው፣ ማብሰያውም ከባለቤቶቹ የተለየ ክፍል ምረጡ፤ ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በድስትና በመጠጫ ነውና። የራሳችሁ ጀሪካን፣ ድስትና ኩባያ ይኑራችሁ። ይህ ነውሩን መቀበል አይደለም፤ ሰበብ የሚፈልግ ሰው ሰበብ እንዳያገኝ ነው። የኪራዩ ስምምነት በወረቀት ሰፍሮ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ በሴሚስተር መካከል ልቀቁ እንዳይባልም ይጻፍበት።

ስንቅህን አስላ። ላንተ ዕድሜ በቀን ግማሽ ኪሎ ዱቄት ብትይዝ በሳምንት 3.5 ኪሎ ነው፤ በ40 የትምህርት ሳምንት 140 ኪሎ፣ ማለትም ወደ አንድ ኩንታል ተኩል። ግማሹን በቆጮና በጎደሬ መተካት ይቻላል። ቆጮ በደንብ ከተጨመቀና ከተጠቀለለ ከዓርብ እስከ ዓርብ አይበላሽም። ለጨውና ለሽሮ ገንዘብ ካጠረህ ኮረሪማ ወይም ማር ይዘህ ውረድ፤ ከከሰል ይቀላል፣ በሸክሙም ልክ የተሻለ ያወጣል። ከሰል ከቤት ብታመጣ ደግሞ በር ዘግተህ እንዳታነድ። ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ተኝተው ያልተነሱ ተማሪዎች አሉ።

ክፍል ውስጥ አጠገብህ አልቀመጥም የሚል ቢኖር የፊት ወንበር ያዝና ትምህርትህን ተከታተል። የሚከለክልህ መምህር ከሆነ ግን ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ አመልክት። ሁለት ቅጂ አዘጋጅ፤ አንተ ዘንድ በሚቀረው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ አስደርግ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 ጥቀስ፤ በትውልድና በማኅበራዊ አመጣጥ መለየትን ይከለክላል።

ምን ልማር ላልከው፣ ዩኒቨርሲቲን ብቻ አትይ። በ2015 ዓ.ም ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ የእጅ ሙያ እንጀራዬ የሆነ ሰው ስለሆንኩ ወደዚያ አዘነብላለሁና ምክሬን በዚያ መዝነው፤ የኤሌክትሪክ ሥራን ወይም የእንስሳት ጤናን በቴክኒክና ሙያ ተምረህ የብቃት ምዘናውን ብታልፍ ጥሩ ነው። ላሙ የታመመችበት ገበሬ የሐኪሙን ጎሳ ለመጠየቅ ጊዜ የለውም። ምግብ ዝግጅትን ግን፣ እዚያው ከተማ ለመሥራት ካሰብክ፣ ለጊዜው ተወው። ትክክል ሆኖ አይደለም፤ ደንበኛ ስለማታገኝ ነው።

አሁን ሰርተፍኬትህን ሦስት ኮፒ አስነሳና ዋናውን በላስቲክ ጠቅልለህ እናትህ ዘንድ አስቀምጥ። ከዚያ አብረውህ ያለፉትን ሁለት ልጆች አነጋግር፤ ክፍል ፍለጋው የሦስታችሁም ነው።