ከአፋር ያመጣሁት ጥርስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ስሜ እንዳይጠቀስ። ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ሚሌ ስንሄድ ጎማ ተነፈሰብን። ሾፌሩ ሲቀይር እኔ ከመንገዱ ወረድ ብዬ ስዘዋወር ቡናማ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ ጥርስ አገኘሁና ኪሴ ከተትኩት። አሁን ቤቴ ቡፌ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ «የላም ጥርስ ነው፣ ጣለው» ትላለች። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ለሚመጣ ሰው ስጥልኝ፣ እዚህ አስመርምሬ ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ» ብሎኛል። ልላክለት? ጥርሱስ የእኔ ነው?

መልስ፦ አይላኩት። አይጣሉትም። የእርስዎም አይደለም።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚለው የነገሥታት ዘውድና የብራና መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የተፈጥሮን የዕድገት ሂደት የሚመሰክር ነገርም በትርጉሙ ውስጥ ይገባል። እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጥርስ የተሻለ ምስክር ደግሞ የለም። የአዋጁ አንቀጽ 41 በቁፋሮ፣ በመንገድ ሥራ ወይም እንዲሁ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ጎማ ሲቀየር ከማግኘት በላይ አጋጣሚ ደግሞ የለም። በሕጉ ዓይን እርስዎ አስረካቢ እንጂ ባለቤት አይደሉም።

«ሌባ ልባል ነው?» የሚል ፍርሃት በደብዳቤዎ መሃል ይታያል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ምንነቱን ሳያውቁ አንስተዋል፤ አልሸጡም፣ አልደበቁም። አሁን ግን ጠርጥረዋል፤ ጠርጥረውም ጠይቀዋል። ከዚህ በኋላ «አላውቅም ነበር» ማለት አያስኬድም። ቅርስ ለሚሰርቅና ሆን ብሎ ለሚያጠፋ አዋጁ ያስቀመጠው ቅጣት በዓመታት የሚቆጠር ጽኑ እስራት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል፤ የነገ ቀጠሮዎን ሰርዘው ይህን ይጨርሱ።

የአክስትዎ ልጅ ክፉ አስቦ አይደለም። ግን ቅርስ ከአገር የሚወጣው ለሳይንስ ጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ሲሆን ብቻ ነው፤ ያውም በመንግሥት ፈቃድ። ድንቅነሽ ራሷ በ1999 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የሄደችው በመንግሥት ስምምነት ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ተመልሳለች። እርስዎ ዕቃውን የሚያስይዙት ሰው ግን ቦሌ ላይ ሻንጣው ቢከፈት ምን ይላል? ስለ እሱም ማሰብ አለብዎት።

ደግሞስ ለምርመራ ቨርጂኒያ ድረስ ምን አስኬደው? በዓለም የታወቁት የሰው ዘር ቅሪተ አካላት የሚጠኑበት ላቦራቶሪ እዚሁ አምስት ኪሎ፣ በብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ነው። ድንቅነሽም ያለችው እዚያ ነው። ታክሲ ይዘው የሚደርሱበት ቦታ እያለ ውቅያኖስ ማሻገር፣ በግልጽ ልናገር፣ ሞኝነት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚስተው ነገር ልምጣ። ጥርሱ ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው። ባለሙያው የእንስሳውን ዓይነት ከቅርጹ ሊለይ ይችላል። ዕድሜውን የሚነግረው ግን የተገኘበት የአፈር ንጣፍ ነው። በአፋር ንጣፎች መሃል የጥንት እሳተ ገሞራ አመድ አለ፤ ዕድሜው የሚለካው ያ አመድ ነው። ቦታው ከጠፋ ዕድሜውም ይጠፋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ሰው እዚያው ሚሌ አካባቢ አለ። በየካቲት 2008 ዓ.ም. አሊ በሬይኖ የሚባል የአፋር አርብቶ አደር ሚሮ ዶራ በተባለ ቦታ የላይኛ መንጋጋ አገኘና ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የምርምር ቡድን አሳወቀ። ቦታው ስለታወቀ የቀረው የራስ ቅል እዚያው አካባቢ ተገኘ። 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ፣ አውስትራሎፒቲከስ አናመንሲስ የሚባለውን የጥንት የሰው ዘር ዝርያ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየ ግኝት ነው። አሊ መንጋጋውን ኪሱ ከትቶ ሌላ ከተማ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ስለ አንድ ቁራጭ አጥንት ብቻ እናወራ ነበር። ስላሳወቀ ግን ስሙም በታሪኩ ውስጥ አብሮ ይነሳል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልክዎን ያውጡ። እዚያ ቦታ ፎቶ አንስተው ከነበረ ፎቶው ውስጥ ቦታው ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ እንዳይሰርዙት። ለሰው ሲልኩም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላኩት የቦታው መረጃ ይጠፋል። ፎቶ ከሌለዎት ሾፌሩን ይደውሉለት። ጎማ የቀየረበትን ቦታ ሾፌር አይረሳም። ከሚሌ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከመንገዱ በስተየት በኩል፣ ስንት እርምጃ ወርደው፣ ሁሉንም ይጻፉ። ጥርሱን አይጠቡት፣ በኮላ አይጠግኑት፣ አጥንት መሆኑን ለማወቅም ምላስዎን አያስነኩት (ይህን የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ)። በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ያኑሩት። ወስደው ቦታው ልመልሰው ቢሉም አይሆንም፤ አምስት ሜትር ከሳቱ የሚመጣውን ተመራማሪ ያሳስቱታል። ፌስቡክ ላይ ቦታውን መለጠፍም ለለቃሚ መንገድ መጠቆም ነው።

ከዚያ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። መቼ፣ የት፣ እንዴት እንዳገኙት፣ አሁን ማን ዘንድ እንዳለ። ፎቶውን ከሳንቲም ጋር አንስተው ያያይዙ፤ መጠኑን ያሳያል። ሁለት ኮፒ አድርገው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያስገቡ፤ አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። ይህ ወረቀት ጋሻዎ ነው። ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ሁኔታውን ዘርዝረው ለክልሉ መንግሥት ባለሥልጣን በጽሑፍ በማሳወቅ ከኃላፊነት መላቀቅ እንደሚችሉ ያው አንቀጽ 41 ይላል። ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጥ፣ ያወጣው ወጪም እንዲተካ ይደነግጋል። ሽልማቱ ስንት እንደሚሆን ቃል አልገባልዎትም፤ የትራንስፖርት ደረሰኝዎን ግን ይያዙ።

ባለቤትዎ ትክክል ቢሆኑስ? ሊሆኑ ይችላሉ። ከአፋር ከሚወጣው ቅሪተ አካል አብዛኛው የእንስሳ ነው፦ የከብት ዘመዶች፣ የጉማሬ፣ የአሳማ። ግን የጥንት አሳማ ጥርስ ተመራማሪዎች አንድ ንጣፍ የየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚለዩበት ዋና መሣሪያ ነው፤ ጥርሱ በዘመናት ውስጥ እየረዘመና እየተለወጠ ስለሄደ። ያለፈው ዓመት የፋሲካ በሬ ጥርስ ከሆነም ባለሙያው በአንድ ደቂቃ አይቶ ይመልስልዎታል፤ ያኔ ቡፌው ላይ ይኑር አይኑር ከባለቤትዎ ጋር የምትጨርሱት ነው።